ሮበርት ሁክ፤ ሞላንና ሕዋስን የመረመረው ሊቅ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ከቀደሙት ታላላቅ ሰዎች የአንዱን ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ በባዮሎጂ ክፍል አብረን የምንቀመጥ ተማሪዎች ጥቂት ቀን ተከራከርን። ገሚሶቻችን ጎጃም ያፈራቸውን አርበኞች፣ ገሚሶቻችን የጎንደርን ነገሥታት መረጥን። በመጨረሻ ግን ስሙን በየዓመቱ በፊዚክስ ደብተራችን እየጻፍን ሕይወቱን ፈጽሞ የማናውቀውን አንድ እንግሊዛዊ ለመጻፍ ተስማማን። ይህም ሰው ሮበርት ሁክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ለዚህ ምርጫ ያደረሰን ነገር መጽሐፍ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ በቡሬ አጠገብ ከበቅሎ ወድቆ የግራ ክንዱ አጥንት ተሰበረ። ክንዱ በጄሶ ታስሮ ብዙ ሳምንት ከቆየ በኋላ ጄሶው ሲፈታ፣ ያ ክንድ ከቀኙ ይልቅ እጅግ ቀጥኖ አገኘነው። የዚሁ ጓደኛችን አባት ገበሬ ናቸው፤ እጃቸውን ቢዘረጉልን እርፍ ሲጨብጡ የኖሩበት መዳፍ መጅ አውጥቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በቀንበር ሥር ያረጀ በሬም ጫንቃው ደንድኖ በየማሳው እናያለን። እንግዲህ ሥራ የበዛበት አካል ይደነድናል፣ ሥራ የተከለከለ አካል ይኮሰምናል ማለት ነው። ይህን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ሥጋ ሸክም መኖሩንና አለመኖሩን በምን ያውቃል? ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው። ጥያቄውን ለመምህራችን ባቀረብንላቸው ጊዜ ከሁክ እንድንጀምር መከሩን።

ሁክ ጁላይ 18 ቀን 1635 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ በምትገኘው በዋይት ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በሚባል መንደር ተወለደ። በእኛ አገር ያን ጊዜ አፄ ፋሲል ከነገሡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አባቱ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሽተኛ ስለ ነበረ ወላጆቹ በሕይወት መቆየቱን ይጠራጠሩ ነበር። አባቱ ለክህነት ሊያስተምሩት አስበው ሳለ ራስ ምታቱ ስለ በረታበት ትምህርቱን ተዉለት። እጁ ግን ሥራ አይፈታም ነበር። አንድ ጊዜ የናስ ሰዓት ተፈትቶ ቢያይ፣ ያንኑ በእንጨት አስመስሎ ሠራና ሰዓቱ ሄደለት። ደግሞም አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን መርከብ ከነገመዱና ከነሸራው ሠርቶ በውኃ ላይ ሲያንሳፍፈው ትንንሾቹ መድፎች ይተኩሱ ነበር ይባላል።

በ1648 አባቱ ሲሞቱ ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጥቂት ገንዘብ ወርሶ ወደ ለንደን ሄደና በታወቀው ሠዓሊ በፒተር ሌሊ ዘንድ ሥዕል ሊማር ገባ፤ ነገር ግን የቀለሙ ሽታ ራሱን ስላሳመመው ብዙ አልቆየም። ከዚያ ዌስትሚንስተር በተባለው ትምህርት ቤት ሪቻርድ በዝቢ የሚባሉት ታላቅ መምህር ተቀበሉት። በዚያም ላቲንና ግሪክ ተማረ፤ የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ስድስቱን በአንድ ሳምንት ጨረሰ ተብሎ ይነገርለታል። (እኛ የመጀመሪያውን ብቻ በአንድ ወሰነ ትምህርት አልጨረስንም።)

በዚሁ ትምህርት ቤት ሳለ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ነገር ደረሰበት። ሁክ በቶርኖ መሥራት ይወድ ነበር። ቶርኖ እንጨቱን ወይም ብረቱን እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት መሣሪያ ሲሆን ሠራተኛው በላዩ አጎንብሶ ይውልበታል። ሁክ ለወዳጆቹ እንዳወራው እስከ አሥራ ስድስት ዓመቱ ሰውነቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጀርባው እየጎበጠ ሄደ። ምክንያቱም በቶርኖና ይህን በመሰለ ሥራ ላይ አብዝቶ ማጎንበሱ መሆኑን እስከ ሞቱ ያምን ነበር። ያየው ሰው ሁሉ መልኩ የገረጣ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ነገር ግን እርምጃው እጅግ ፈጣን መሆኑን መስክሯል። ቶርኖ ብቻውን ጀርባን ያጎብጣል ብለን እኛ አንፈርድም፤ በዚያ ዕድሜ የጀርባን አጥንት የሚያጣምም በሽታም አለ። ቢሆንም ሸክምና ጫና የሥጋን ቅርፅ ይለውጣል የሚለውን አሳብ ሁክ በገዛ ጀርባው ተሸክሞት ኖረ።

ከዌስትሚንስተር ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ መጀመሪያ ለሐኪሙ ለቶማስ ዊሊስ፣ ቀጥሎም ለሀብታሙ ሊቅ ለሮበርት ቦይል ረዳት ሆነ። ቦይል ስለ አየር ግፊትና ስፋት ያወጣው ሕግ የተገኘበትን የአየር መሳቢያ መሣሪያ የሠራው ሁክ ነው። በ1662 ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የለንደን ሊቃውንት ማኅበር የሙከራ ኃላፊ አድርጎ ሾመው፤ ሥራውም ማኅበሩ በተሰበሰበ ቁጥር ሦስት ወይም አራት ሙከራ አዘጋጅቶ ማሳየት ነበር። ስብሰባው በየሳምንቱ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያን ያህል ዘመን መቆየቱ ብቻ ሊያስመሰግነው በተገባ ነበር።

በ1665 መጀመሪያ ላይ ማይክሮግራፊያ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በማይክሮስኮፕ ያየውን ሁሉ ራሱ ሥሎ ያወጣበት መጽሐፍ ነው። ቁንጫዋ በመጽሐፉ ውስጥ ታጥፎ በሚዘረጋ ትልቅ ወረቀት ላይ ከነፀጉሯና ከነጥፍሯ ተሥላለች፤ መጽሐፉን የገዛ አንድ የለንደን ሹም፣ ሳሙኤል ፒፕስ የሚባለው፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያነብ አምሽቷል። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ቁንጫዋ ሳትሆን የጠርሙስ ቡሽ ነው። ሁክ በተሳለ ቢላዋ ከቡሽ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ቅርፊት አንሥቶ ቢመለከት፣ ንብ ለማሯ የምትሠራቸውን ክፍሎች የሚመስሉ ባዶ ጓዳዎች ተደርድረው አየ። እነዚህንም ሴል ብሎ ጠራቸው፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ ሕዋስ የምንለው ይህ ነው። ቆጥሮም በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ከ1,000 የሚበልጡ መሆናቸውን አገኘ፤ ይህን አባዝቶ በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ቡሽ ውስጥ 1,259,712,000 ጓዳ መኖሩን አሰላ። እኛም በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ቡሽ አይተን ለመቁጠር ሞክረን ነበር፤ ሠላሳ ላይ ስንደርስ ተሳሳትን።

ቡሽ ግን የሞተ ነገር ነው። ሁክ ያየው ግድግዳውን እንጂ ነዋሪውን አልነበረም። የእንስሳትም የዕፀዋትም አካል በሙሉ ከሕዋሳት የተሠራ ነው የሚለው ትምህርት የጸናው ሽላይደንና ሽቫን የተባሉት ጀርመኖች በ1838ና በ1839 ካስተማሩ በኋላ ነው።

በሴፕቴምበር 1666 ለንደን ተቃጥላ ወደ 13,000 የሚሆን ቤት አመድ ሆነ። ሁክ ከከተማይቱ ቀያሾች አንዱ ሆኖ ተሾመና መሬት እየለካ፣ ድንበር እየለየ፣ የጎረቤት ክርክር እየዳኘ ብዙ ዓመት ሠራ። ከወዳጁ ከክሪስቶፈር ሬን ጋር ያሠራው የእሳቱ መታሰቢያ ዓምድ 62 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሲሆን ዛሬም ቆሟል። በዚህ የግንብ ሥራ ሳለ ቅስት እንዴት ጸንቶ እንደሚቆም መረመረ። ሁለት ጫፉ ታስሮ የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚሠራው ቅርፅ ቢገለበጥ፣ ለድንጋይ ቅስት የሚስማማው ቅርፅ ያው መሆኑን ተረዳ። ሰንሰለቱ በመሳብ ይጸናል፤ ቅስቱ በመገፋት ይጸናል። አንባቢ ይህን ነገር እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። ሁክ ሞላዎችን፣ ረጃጅም የብረት ሽቦዎችን፣ እንጨትንም ሳይቀር ክብደት እያንጠለጠለ ለካ። ሽቦው ከሃያ እስከ አርባ ጫማ የሚረዝም ሲሆን ከላይ በምስማር ይታሰራል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መሳቡም እጥፍ፣ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን መሳቡም ሦስት እጥፍ ሆነ። ይህን በ1676 ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፊደላቱን በፊደል ተራ ደርድሮ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፤ ፍችውን የገለጸው በ1678 ነው። በቡሬ ገበያ በርበሬና ማር የሚመዘንበት ባለ ሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሞላው ከመጠን በላይ ተስቦ ከላላ ግን ሕጉ ይፈርሳል፤ ለዚህም ነው እናቶቻችን ያረጀ ሚዛን የያዘን ነጋዴ የማያምኑት።

እንግዲህ ሁክ በአንደኛው መጽሐፉ ሕዋስን፣ በሌላው መጽሐፉ የመሳብን ሕግ ጻፈ። ሁለቱ በአንድ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን ኖሩ፤ ነገር ግን አልተገናኙም። በዘመኑ ማይክሮስኮፕ ሊያገናኛቸውም አይችልም ነበር።

የመጨረሻው ዘመኑ መራራ ነው። በሰዓት ውስጥ ስለሚገባው ሞላ በ1675 ከሆላንዱ ሊቅ ከሁይገንስ ጋር ተጣላ። ከአይዛክ ኒውተንም ጋር በ1672 ስለ ብርሃን፣ በ1686 ደግሞ ስለ መሬት ስበት ተከራከረ። በእኛ አስተያየት የስበቱን አሳብ ሁክ አስቀድሞ አስቦታል፤ በሒሳብ ያረጋገጠው ግን ኒውተን ነው፤ ሁክ ከዚህ የሚበልጥ ድርሻ ባይጠይቅ ኖሮ መልካም ነበር። በ1687 በቤቱ ያሳደጋት የወንድሙ ልጅ ግሬስ ሞተችና ኀዘኑ ጎዳው። ዓይኑ ደከመ፣ እግሩ አበጠ። በማርች 3 ቀን 1703 ሲሞት በድህነት የኖረ የሚመስለው ሰው በሣጥኑ ውስጥ ብዙ ሺህ ፓውንድ ተገኘ። በዚያው ዓመት ኒውተን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ።

የሰውየው ታሪክ በዚህ ይፈጸማል፤ የጥያቄያችን መልስ ግን ከዚህ ይጀምራል።

በርሊን ይኖር የነበረው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት በሚሸከመው ጫና መጠንና አቅጣጫ ውስጡን እየለወጠ እንደሚሠራ አስረዳ። የዘመናችን ጠፈረተኞች ይህን በገዛ አካላቸው አይተውታል፤ ክብደት በሌለበት ሲኖሩ የዳሌያቸው አጥንት በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቮልፍ ነገሩን አወቀ እንጂ እንዴት እንደሚሆን አላወቀም፤ ይህ በሕዋስ ውስጥ ተሰውሮ ነበርና።

ሕያው ሕዋስ እንደ ቡሹ ባዶ ጓዳ አይደለም። በውስጡ ከፕሮቲን የተሠሩ ክሮችና ቱቦዎች ተዘርግተው ቅርፁን ይይዙታል፤ ይህም የሕዋስ አጽም ይባላል። ከክሮቹ አንዱ በ1942 ሴንት ዥዮርጂና ሽትራውብ የተባሉት የሀንጋሪ ሊቃውንት የለዩት አክቲን ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ተከፍሎ ሰባቱን ያህል ብቻ ነው። ማዮሲን የተባለው ሌላ ፕሮቲን አክቲኑን እየጎተተ ያወጥረዋል። ማይክሮቲዩቡል የተባሉት ቱቦዎች ደግሞ መገፋትን ይችላሉ። በሠርግ ቀን ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ገመዱ ይሳባል፣ ምሰሶው ይገፋል፣ ድንኳኑ ይቆማል። የሁክ ሰንሰለትና ቅስት በአንድ ሕዋስ ውስጥ አብረው ተገኙ ማለት ነው።

ሕዋሱ ከውጭ ካለው ሥጋ ጋር የሚያያዝበት ቦታ አለው። ኢንተግሪን የተባለው ፕሮቲን እንደ ችንካር የሕዋሱን ሽፋን አልፎ በውጭ ያሉትን ክሮች ይይዛል፤ ከውስጥ በኩል ታሊን የተባለው ፕሮቲን ችንካሩን ከአክቲን ጋር ያስረዋል። ማዮሲን አክቲኑን ሲጎትት ታሊኑ ይወጠራል። በውጭ ያለው ነገር ልል ከሆነ አብሮ ይሳብና ታሊኑ እምብዛም አይነካም። በውጭ ያለው ጠንካራ ከሆነ ወይም ሸክም ከዚያ በኩል ከሳበ ግን የታሊኑ እጥፋት ይዘረጋል። ታጥፎ በሣጥን የነበረ ነጠላ ሲዘረጋ ጥለቱ እንደሚታይ፣ ታሊንም ሲዘረጋ ተሰውረው የነበሩ የመያዣ ቦታዎች ይገለጣሉ። ቪንኩሊን የተባለው ፕሮቲን በዚያ ይጣበቅና ተጨማሪ አክቲን ያስራል። የተሳበው ገመድ በራሱ መሳብ ምክንያት ወፈረ ማለት ነው። አንዱን የታሊን ክፍል ለብቻው ስበው ቪንኩሊን ሲጣበቅበት ያዩት ሊቃውንት ውጤታቸውን በ2009 አሳተሙ።

ሌላም መንገድ አለ። ፒየዞ የተባሉት ፕሮቲኖች በሕዋሱ ሽፋን ላይ እንደ በር ሆነው ሽፋኑ ሲወጠር ይከፈታሉ። እነዚህ የታወቁት በ2010 ሲሆን፣ ያገኛቸው አርደም ፓታፑቲያን በ2021 ከዴቪድ ጁልየስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ውጥረቱ በአክቲኑና በሌሎቹ ክሮች በኩል እስከ ኒውክለስ ድረስ ይደርሳል፤ በዚያም የትኛው ፕሮቲን ይብዛ፣ የትኛው ይነስ የሚለው ትእዛዝ ይለወጣል። በገበሬው መዳፍ ላይ ቆዳው በግፊትና በፍትጊያ ብዛት ሕዋሳቱን አብዝቶ ኬራቲን በተባለው ክር የተሞላ መጅ ያበጃል። በጄሶ በታሰረው ክንድ ውስጥ ደግሞ የሚጎትተው ስለ ጠፋ ጡንቻው ከሚሠራው ይልቅ የሚያፈርሰው በዛ። ሥጋ ያለ ዓይንና ያለ ጆሮ ሸክሙን የሚያውቀው እንግዲህ በዚህ ነው፤ ፕሮቲኑ ራሱ ይሳባል፣ ተስቦም ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ሊቃውንቱ በምን ለኩት? እዚህ ላይ ሁክ ይመለሳል። በ1980 አልበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ ሕያዋን ሕዋሳትን በስስ የላስቲክ ሽፋን ላይ ቢያስቀምጧቸው፣ ሕዋሳቱ ላስቲኩን ሲጎትቱት ተጨማደደ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሕዋሱን በጥቃቅን ለስላሳ ምሰሶዎች ላይ ያስቀምጡታል፤ ምሰሶው ምን ያህል እንደ ጎበጠ አይተው ሕዋሱ ምን ያህል እንደ ሳበ ያሰላሉ። ስሌቱ በ1678 የታተመው የሞላ ሕግ ነው። እርግጥ ታሊን ራሱ እንደ ሞላ በእኩል አይሳብም፤ በደረጃ በደረጃ ይፈታል እንጂ፤ ስለዚህ ሕጉ ለመለኪያው እንጂ ለሚለካው ሁሉ አይበቃም። የአንዱን ፕሮቲን መሳቢያ ኃይል የሚጽፉበት መስፈሪያ ደግሞ ፒኮኒውተን ይባላል። አንድ ኒውተን የ100 ግራም ሎሚ ክብደት ያህል ሲሆን፣ ፒኮኒውተን ያ ለሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። በሁክ ሕግ ይለካሉ፣ በኒውተን ስም ይጽፋሉ። ሁለቱ ባላጋራዎች በዚህ ቢገናኙ ምን እንደሚሉ ስናስብ ክፍላችን በሙሉ ሳቀ።

ይህን ስንጽፍ ከብር ወንዝ ማዶ የሚመጡት ጓደኞቻችን አንድ ነገር አነሡ። እኛ የገጠር ልጆች ከስድስትና ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ ውኃና እንጨት ተሸክመናል፤ የእኛ ጀርባስ? መምህራችን እንዳስረዱን ልከኛ ሥራ በማደግ ላይ ያለውን አጥንት ያጠነክረዋል፤ ከመጠን ያለፈ ሸክም ደግሞ ይጎዳዋል፤ ልኩ ግን ለሁሉ ልጅ አንድ አይደለም። ወላጆቻችን ይህን አንብበው ጀሪካኑን እንዲያስቀሩልን አንጠይቅም፤ ለትንንሾቹ እኅቶቻችን ትንሹ ጀሪካን ይሰጥ እንላለን።

በጄሶ የነበረውን የጓደኛችንን ክንድ በልብስ ሰፊ ሜትር በየሳምንቱ እንለካለን፤ ውኃ መቅዳትና ዱላ መወርወር ከጀመረ ወዲህ ከቀኙ የሚያንሰው በአንድ ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለጽሑፋችን የሊቁን ሥዕል እንድንሰጣቸው ጠይቀውን ነበር። ነገር ግን በሕይወቱ ሳለ የተሣለና የእርሱ መሆኑ የተረጋገጠ አንድም ሥዕል ዛሬ የለም፤ በለንደን የተቀበረበትም ትክክለኛ ቦታ አይታወቅም። ስለዚህ ከመካከላችን ሥዕል የሚችለው ልጅ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አይቶ የቡሹን ጓዳዎች ሥሎ ሰጥቷል።